ዱዓ የሚያርሙት መምህር

መምህር ይመር መሞታቸውን የሰማሁት በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ርዕሰ መምህራችን ጠዋት ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ለረጅም ዓመታት አብረውን የሠሩት መምህር ይመር ስላረፉ ሁላችሁም መምህራኖች ከአስር ሰላት በፊት ቀብሩ ቦታ እንድትገኙ። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው።»

አነበብኩት፣ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ። «መምህራኖች» የሚል ቃል በዚያ ግሩፕ ውስጥ ተጽፎ ያለ መልስ አልፎ አያውቅም። መምህር ይመር ጡረታ ከወጡም በኋላ ከግሩፑ አልወጡም ነበርና ወዲያው ከሥሩ «መምህራን ማለት ራሱ ብዙ ነው። በብዙ ላይ ብዙ መደረብ በቀትር ፀሐይ ሁለት ጋቢ መልበስ ነው። ይታረም። ይመር» የሚል ይመጣል። ርዕሰ መምህሩም የአውራ ጣት ምልክት ይልካሉ፤ በሌላው ሳምንት ያንኑ ይደግሙታል። የዚያን ቀን ምንም አልመጣም። በእውነት መሞታቸውን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወቴ እንደ መምህር ይመር ያናደደኝ ሰው የለም። ባለቤቴን ጨምሬ ነው የምለው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እሳቸው አማርኛ፣ እኔ እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። የመምህራን ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛዬን ከሳቸው ጠረጴዛ ጎን ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ባውቅ እስከ ዛሬ አልለቀውም ነበር።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ አንገታቸው የሚያዳምጥ ሰው አንገት ይመስል ሁልጊዜ ወደ ፊት ሰገግ ያለ ነው። ክረምት ከበጋ የማይለዩዋት አንዲት ጋቢ ነበረቻቸው፤ ጫፏ በጠመኔ ነጥቶ ቢታጠብም አይለቅም። ትውልዳቸው አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ በላይ ካለው ደጋ። የዐረብኛውን ሰዋስው፣ ነህው የሚሉትን፣ ከሸሆች እግር ሥር ተቀምጠው ቀሩ፤ መቅራት እኛ ዘንድ የእስልምናን ትምህርት መማር ነው። ግዕዙን ደግሞ ግሸን ሥር ይኖሩ ከነበሩት ከእናታቸው አጎት ከደብተራው ለቀሙ። በኛ አገር ይህ ጉድ አይባልም፤ በአንድ ዘር ውስጥ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ሲሳለም ነው የሚኖረው። ኦሮምኛውን ከባቲ በኩል ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር በገበያ ቆመው ተማሩ። እንግሊዝኛውን በኔ ላይ ተለማመዱት።

ሌላው ሰው ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ሲያወራ እሳቸው የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቃል እንዴት እንደሚለወጥ። ስም ባለቤት ሲሆን ምን ይመስላል፣ ተሳቢ ሲሆን ምን ይጨምራል፣ «እኔ» ያልነው መቼ «እኔን» ይሆናል፣ ቅጽሉ ስሙን ይከተላል ወይስ አይከተልም፣ በዚህ ቋንቋ እንዲህ ከሆነ በዚያኛው ለምን እንዲያ ሆነ። ይህን ጥያቄ ለባጃጅ ሹፌር ያቀርባሉ። መርፌ ልትወጋቸው የመጣችውን ነርስ ጠይቀዋል። እኔን በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ቤቴ ድረስ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ሕፃኗን እንኳ ሳያዩ፣ «እታገኝ፣ እንግሊዞች ‹ሂ› እና ‹ሂም› ብለው ሰውን ከለወጡ ‹ዶግ› ምን በድሎ ነው የማይለወጠው?» አሉኝ። ጡት እያጠባሁ ነበር።

«ቃል ብቻውን አይታወቅም» ይሉ ነበር፣ ጣታቸውን አንስተው። «ከጎረቤቱ ጋር አቁመሽ እዪው። ጠባዩ ያን ጊዜ ነው የሚወጣው።»

ማስተማሪያቸው ያቺ ጋቢ ነበረች። አንድ ቀን ክፍላቸው በር ላይ ቆሜ እንዲለቁልኝ እየጠበቅሁ አየሁ። ሦስት ተማሪዎች ፊት አቁመዋል፤ አንዱ ልጅ ነው፣ አንዱ ውሻ ነው፣ አንዷ ደግሞ «መታ» የሚለው ግስ ናት። «ልጁ ውሻውን መታው» አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ውሻ የሆነውን ተማሪ አለበሱት። «አያችሁ? አማርኛ የሚያለብሰው ተቀባዩን ነው። የተመታው እንዳይበርደው።» ክፍሉ ሳቀ። ቀጥለው ጋቢዋን ገፈው ልጅ የሆነውን አለበሱት። «ኦሮምኛ ደግሞ የሚያለብሰው አድራጊውን ነው። ቤት ‹መነ› ነው፤ ሥራ ሲሠራ ግን ‹መንኒ› ይሆናል። ዐረብኛ ሀብታም ነው፣ ለሁሉም ያለብሳል፤ ቀለሙ ብቻ ይለያያል።» ከዚያ አንዲት ተማሪ «ትልቁ» የሚል ቅጽል አድርገው ከውሻው ፊት አቆሟትና ለውሻው የመለሱለትን ጋቢ ነጥቀው ለሷ ሰጡ። «ትልቁን ውሻ! ቅጽል ቀድሞ ከቆመ ጋቢውን ይቀማል። ውሻው ራቁቱን ቀረ!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል።

«መምህር፣ የኔ ክፍለ ጊዜ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ፤ ግቢ! የእንግሊዝ ስም ለምን ራቁቱን እንደሚሄድ ንገሪያቸው» አሉኝ።

የዚያን ቀን የኔን ትምህርት አላስተማርኩም። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። ለርዕሰ መምህሩ አቤት ብል «ኧረ እኔንም በቀደም አርመውኛል፤ ቻያቸው» አሉኝ። እኔን ያቃጠለኝ ግን ይህ አልነበረም። እኔ መጽሐፍ ይዤ ስለፈልፍ የሚያንጎላጁት ልጆች የጋቢዋን ትምህርት ከዓመት በኋላም አልረሱትም ነበር።

ሌላ ቀን እንግዳ መጥቶብኝ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። እሳቸውም የጁምዓ ሰላት ሰግደው ሲወጡ አግኝተውኝ ተከተሉኝ። ዓሣ አጥማጁ ከታንኳው ወርዶ ጥሩ ጥሩ ቆሮሶ በሣር ላይ ዘርግቶልኛል። መምህር ይመር አንዱን በጭራው አንጠልጥለው፣ «ይህ ዓሣ ተንኮለኛ ነው» አሉት። «በግዕዝ ‹ንጉሥ› ተሳቢ ሲሆን ‹ንጉሠ› ይላል፤ ‹ቤት› ‹ቤተ› ይላል። ዓሣ ግን ባለቤት ሆነ ተሳቢ ሆነ ያው ዓሣ ነው። ከንጉሥ ይበልጣል እንዴ?» ፀሐዩ አናታችንን ይበሳል። ዓሣ አጥማጁ ላቡን ጠረገና፣ «አንቱ መምህር፣ ዓሣውን ይገዙታል ወይስ ያስተምሩታል?» አላቸው። እኔ እየሳቅሁ ተናደድኩ። ቤት ስደርስ እንግዳዬ ሽሮ በልቶ ተኝቷል።

እስካሁን ያልኩት ሰው የሚስቅበት ነው። የማያስቀው የወንድማቸው ነገር ነው።

መምህር ይመር የማይረሱት አንድ ስህተት ነበረ። ታናሽ ወንድማቸው፣ አምባሰል የሚያርሱት አያ ሙሄ፣ በልጃቸው ኒካህ ቀን እንደ አባት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ከዐረብኛው ቃላት የአንዱን መጨረሻ አበላሹት። «ኡ» ማለት ሲገባቸው «ኢ» አሉ። መምህር ይመር ይህን ስህተት በየዓመቱ ለተማሪ፣ በየሳምንቱ ለኔ ይተርኩታል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ዐረብኛ አላውቅም፤ ያቺን ዱዓ ግን ከነስህተቷ ከነእርማቷ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ይዣታለሁ። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው ብያለሁ።

አንድ ቀን፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ምን አደረጉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አረምኩት ነዋ።»

«የት?»

«እዚያው ተቀምጬ።»

«በአማቾቹ ፊት?»

«ስህተት በሰው ፊት ተነግሮ እርማት በጓዳ ይሆናል እንዴ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

ሌላውን ግማሽ የሰማሁት ከአያ ሙሄ ነው። ውጫሌ የእናቴ አገር ነው፤ አያ ሙሄ ለገበያ ሲወርዱ አህያቸውን የሚያስሩት እናቴ ግቢ ውስጥ ነበር። የመምህር ይመር ወንድም መሆናቸውን ባወቅሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ «ከወንድምዎ ጋር እኮ ነው የምሠራው» አልኳቸው። ፊታቸው ጥቁር አለ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ እጃቸው እንደ ሞፈር የጠነከረ ሰው ናቸው።

«ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። አህያዋን እየፈቱ፣ ወደኔ ሳያዩ እንዲህ አሉ፦ «አባታችን ሁለት ልጅ ነበራቸው። ሁለቱ ቢቀሩ ማረሻውን ማን ይያዘው? እሱ ራሰ ቀና ነው፣ እሱ ይቅራ፣ አንተ እረስ አሉኝ። እሺ አልኩ። ቂም የለኝም። እኔ አረስኩ፣ እሱ ቀራ። ስንቁን ተሸክሜ ሸሆቹ ቤት የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ያን የቀራውን ይዞ መጣና በልጄ ቀን፣ በሰው ፊት ገረፈኝ። ሰዉ ሳቀ። ዱዓዋ አባባ እቤት የሚያደርጓት ናት፤ ሌላ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት እጄን ዘርግቼ አላውቅም። ለቅሶ ቤትም ሌላ ሰው ያድርግ እላለሁ። ልጄ ወንድ ልጅ ስትወልድ እንኳ አልመረቅኩም።»

ያን ቀን ወደ ሐይቅ ስመለስ ደሜ ፈልቷል። በማግስቱ ገና ጋቢያቸውን ሳያወርዱ ጀመርኳቸው። አባታቸው የሚያደርጉት ዱዓ ነው ብል፣ «አባታችንም ተሳስተዋል፤ አላህ ይርሐማቸው» አሉ። አርሶ አስተማረዎ እኮ ብል፣ «እሱንማ መች ካድኩ» አሉ። ይቅርታ ይጠይቁታ ብል፣ «ልክ ስለሆንኩ?» አሉ። ወይ ፍንክች! ወንድም የሚለውን ቃል በአምስት ቋንቋ እያገላበጡ ሲያስተምሩ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ ወንድሜ፣ ወንድምህ፣ ወንድሙን ሲሉ ይውላሉ፤ ራሳቸው ወንድም የላቸውም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደል?

ዓመት ሙሉ ነዘነዝኳቸው። መነዝነዝ እኔም እችላለሁ። በመጨረሻ እሺ አሉ፣ ሽምግልና ይቀመጥ አሉ። በእኛ አገር የተጣላ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ነገሩ ይወጣል፣ ጥፋተኛው «አውፍ በለኝ» ይላል፣ የተበደለው «አውፍ ብያለሁ» ይላል፣ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፣ ያልቃል። አውፍ ከተባለ በኋላ ነገሩን ማንሳት ነውር ነው። ሽምግልናው እናቴ ግቢ እንዲሆን ተስማማን። አያ ሙሄም በስንት ልመና እሺ አሉ። እናቴ የማን ቢላ አረደው እንዳይባል ምስርና ሽሮ ሠራች። ከክርስቲያኑ አንድ መሪጌታ፣ ከእስላሙ ሸኽ ኡመር ተጠሩ፤ ሸኽ ኡመር አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው።

ሚኒባስ ውስጥ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ አስማልኳቸው። «ዛሬ ማንንም አያርሙም።»

«አላርምም።»

«ሬዲዮውንም።»

«ሬዲዮውንም» አሉ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ እየነከሱ። ጋዜጠኛው «አንዳንድ ሰዎች» ብሎ ጀምሮ በነጠላ ሲጨርስ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አየሁ። ግን ቻሉት።

ግቢ ገባን። አያ ሙሄ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ። መሪጌታ በግዕዝ አንድ ሁለት ቃል ብለው የሰላምን ጥቅም ተናገሩ። ግዕዙ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ከመምህር ይመር ጉሮሮ አወቅሁ፤ ምራቃቸውን ዋጡት። እፎይ አልኩ። ወደ እናቴ ዞሬ ፈገግ ሁሉ ብያለሁ።

ከዚያ ሸኽ ኡመር እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። አያ ሙሄ እንኳ ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ አድርገው መዳፋቸውን ከፈቱ። ሸሁ በቀስታ ዱዓውን ያዙ፤ ሲሄዱ ሲሄዱ ያቺ ቦታ ላይ ደረሱ። ለካ በዚያ አገር ሁሉም የሚላት እንደዚያው ነው። ሸሁ «ኢ» አሉ።

«ሸሆቹ፣ አውፍ በሉኝ፣ እዛች ላይ ‹ኡ› ነው» አሉ መምህር ይመር፣ ጣታቸውን አንስተው።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዓመት ሙሉ ያቺን «አውፍ» የምትል ቃል ለወንድማቸው እንዲሏት ነው የለፋሁት። ለማረም ሲሆን እንደ ፌንጣ ከአፋቸው ዘለለች!

ሸኽ ኡመር ዱዓውን አቁመው መዳፋቸውን ቀስ ብለው ፊታቸው ላይ አሳለፉ። በስድሳ ዓመት ሽምግልናቸው ዱዓ ተቋርጦባቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። አያ ሙሄ ግን አልተቆጡም፤ ያሳዘነኝም እሱ ነው። ዱላቸውን ይዘው ተነሡና፣ «አያችሁ?» አሉ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ። «ለኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። አብሽሩ፣ እናንተ አልበደላችሁም።» ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። የእናቴ ምስር እንደቀረበ ቀረ። መሪጌታው ብቻ «ሲያልቅ አያምር» ብለው ጥቂት ቀመሱ።

መንገድ ላይ ጮኽኩባቸው። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ይሰማኛል፤ ግድ አልነበረኝም። እሳቸው ራሳቸው ካስተማሩኝ አንድ ቃል ነበረ። በዐረብኛ ሰዋስው አንዳንድ ቃል ከፊቱ ምን ቢመጣ፣ ከጎኑ ማን ቢቆም መጨረሻው አይነቃነቅም፤ መብኒ ይሉታል፣ እንደ ግንብ የተገነባ ማለት ነው። ግትር ተማሪ ሲገጥማቸው «ይህ ልጅ መብኒ ነው» ብለው ይቀልዱበት ነበር።

«ቃል በጎረቤቱ ይለወጣል እያሉ ዕድሜ ልክዎን ያስተምራሉ» አልኳቸው። «እርስዎ ግን ሽማግሌ ቢመጣ፣ ወንድም ቢመጣ፣ ወይ ንቅንቅ! መብኒ ማለት እርስዎ ነዎት!»

ሬዲዮው እስከ ሐይቅ ድረስ ያለ እርማት እንደ ልቡ ተሳሳተ። እኔም ጥቂት አበዛሁ ይሆን ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከመኪናው ወርደን ልንለያይ ስንል ዞር አሉና፣ «መብኒን ግን ጥሩ ቦታ ላይ አዋልሻት» አሉኝ።

አንቆ መግደል ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ ወጡ፣ ወዲያው ታመሙ። ጉበት ነው ተባለ። ደሴ ደርሰው ተመለሱ፤ ቤት ይሁኑ ተባሉ። ባለቤታቸው ከድጃ አስታመመቻቸው፤ እሷ በትዳር ዘመኗ የታረመችውን ያህል ማንም አልታረመም፣ ግን እጇ ለስላሳ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጎራ እላለሁ። ሰውነታቸው አልቆ ጋቢዋ ውስጥ ጠፍተዋል። አፋቸው ግን አልታመመም። አንድ ጠያቂ «እግዚአብሔር ያሽርዎ፣ አላህ ያሽርህ» ብሎ አንቱታና አንተታ ቢቀላቅልባቸው፣ «አንዱን ምረጥ፤ ስሞት ስንት ሰው እንደሞተ አይታወቅም» አሉት።

ለእናቴ ደወልኩ፤ እናቴ ለአያ ሙሄ ነገረች። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከድጃና እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ በሩ ላይ «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማን። አያ ሙሄ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው አንድ ቅል ማር ይዘዋል።

«ልታረቅ አልመጣሁም» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «የታመመ መጠየቅ ሱና ነው ብዬ ነው።» ወንበር ስሰጣቸው እንቢ ብለው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወንድማቸውን አዩ። እንደዚያ አልቀው የሚያገኟቸው አልመሰላቸውም ነበር፤ ዱላው ከእጃቸው ሾልኮ ወደቀ፤ አላነሡትም።

ከድጃ ስለ መንገዱ ጠየቀቻቸው፣ ስለ ማሽላው ጠየቀቻቸው፤ በአጭር በአጭር መለሱ። መምህር ይመር ዓይናቸውን ከወንድማቸው ላይ አላነሡም።

«ሙሄ» አሉ በመጨረሻ።

«እ።»

«ዱዓ አድርግልኝ።»

አያ ሙሄ መሬት መሬት አዩ። «እኔ አልችልበትም» አሉ። «ታውቃለህ። የቀራ ሰው ሐይቅ ሞልቷል፣ እሱን አስጠራ።»

«የቀራማ እኔም አለሁ» አሉ መምህር ይመር። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅናቸው። «የአባባን አድርግልኝ። እሳቸው እንደሚያደርጓት።»

ከድጃ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። አያ ሙሄ ከበርጩማው ተነሥተው ወደ አልጋው ቀረቡ፤ መሬት ላይ ተንበረከኩ። እነዚያን እንደ ሞፈር የጠነከሩ እጆች ዘረጉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ጀመሩ። ዝግ ብለው፣ እርጥብ ድልድይ እንደሚሻገር ሰው አንዷን ቃል አጽንተው ሌላዋን እየረገጡ ሄዱ። እኔ ዱዓዋን በቃሌ አውቃታለሁ። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ አውቃለሁ። ቦታዋ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ አንድ ጊዜ ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ አባታቸው እንደሚሏት አሏት። «ኢ» አሉ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት። ሳላስበው ነው። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጬ ያቺን እርማት ስሰማ ኖሬ፣ «ኡ» የምትለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። መምህር ይመር አዩኝ። ከጋቢዋ ሥር እጃቸውን አወጡ፤ ክፍል ውስጥ የሚያነሷት፣ ሽምግልና ላይ ያነሧት፣ እኔን ስንት ጊዜ ያቃጠለችኝ ያቺ ጣት ናት። ከንፈራቸው ላይ አደረጓት። ዝም በይ።

አያ ሙሄ ይህን አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓቸውን እስከ መጨረሻው አደረሱ።

«አሚን» አሉ መምህር ይመር፣ ጮክ ብለው። በዚያ ደካማ ደረት ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከድጃም አሚን አለች፤ እኔም በኔው አሜን አልኩ።

አያ ሙሄ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው እንደተንበረከኩ ቀሩ። አውፍ ያለ የለም፣ አውፍ ብያለሁ ያለም የለም። መምህር ይመር ከድጃን በዓይናቸው ጠሯትና ወደ ጋቢዋ አመለከቱ፣ ከዚያ ወደ ወንድማቸው። ከድጃ ገብቷት ጋቢዋን ከላያቸው አንሥታ በአያ ሙሄ ትከሻ ላይ ጣለቻት። ቀብሩ ላይም እሷን ለብሰው ነው የቆሙት፣ ጫፏ በጠመኔ እንደነጣ።

መሞታቸውን ያነበብኩ ጠዋት ታዲያ ስልኬን ይዤ «መምህራኖች» የምትለውን ቃል ሳያት ቆየሁ። የሚያርም ሰው እንደሌለ ከገባኝ በኋላ የኔው ጣት ፊደሎቹ ላይ አርፋ ነበር፤ «መምህራን ማለት ራሱ» የሚለውን ጽፌ ጨርሻለሁ። መልሼ አጠፋሁት። ከርዕሰ መምህሩ መልእክት ሥር «አሜን» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።